የእናታችን ዘምዘምና የ100 ሚሊ ሊትሩ ደንብ



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ስለ ሻንጣ ነው። ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችን ወላጁን ለዑምራ ያልሸኘ፣ እህቱን ወደ አረብ አገር ያልላከ፣ ወይም ራሱ አንድ ቀን ፍተሻ ላይ ሻንጣውን ከፍቶ ያልተሳቀቀ ስንት ሰው ይኖራል? ስለዚህ ትንሽ ታገሱንና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከመካከላችን የአንዱ እናት ዑምራ አድርገው ሲመለሱ ነው። ዘምዘሙ በ5 ሊትር ዕቃ በወጉ ታሽጎ ለብቻው ተጭኗል። እርሳቸው ግን ለታመመች እህታቸው ብለው ግማሽ ሊትር በምትይዝ ጠርሙስ ለይተው ቀድተው በእጅ ቦርሳቸው ይዘዋል። ከተነሱበት አየር ማረፊያ ማንም ምንም አላላቸውም፤ ጠርሙሷን ይዘው አለፉ። አውሮፕላን በቀየሩበት አየር ማረፊያ ግን ፈታሹ ጠርሙሷን አወጣና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ። አልገባቸውም። በጣቱ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲያመለክት ገባቸው።

«ዘምዘም ነው እኮ ልጄ!» አሉት፣ በአማርኛ።

እርሱም አልገባውም። በመጨረሻ ጠርሙሷን ተቀብለው ክዳኗን ከፈቱ፣ ቢስሚላህ ብለው ጠጡ፤ የቀረውን ከኋላቸው ለተሰለፉ ለማያውቋቸው ሁለት ሴቶች ሰጡ። አንዲት ጠብታ ቆሻሻ ውስጥ አልገባችም። እህታቸውም ኋላ ከ5 ሊትሩ ደርሷታል፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ቤት ገብተው እንደተቀመጡ መጀመሪያ የጠየቁን ነገር እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም፦ «ምን አጥፍቼ ነው?»

ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ ለመመለስ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ደንቡ ከየት እንደመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ድረስ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ውስጥ ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ቢላ ይዞ መግባት ይቻል ነበር። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ቀረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ሪቻርድ ሪድ የተባለ እንግሊዛዊ ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ላይ ጫማው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ ሊያቀጣጥል ሲሞክር ተያዘ። ጫማ አውልቁ የሚለው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአሜሪካ ከ2006 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ግዴታ ሆኖ ቆየና የተነሳው በጁላይ 2025 ነው።

የውሃውና የሽቶው ደንብ ደግሞ የመጣው ከሌላ ሴራ ነው። ኦገስት 10 ቀን 2006 የብሪታንያ ፖሊስ ፈሳሽ ፈንጂ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ደብቀው፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበሩ አውሮፕላኖችን አየር ላይ ሊያፈነዱ አሲረዋል ያላቸውን ሰዎች ያዘ። የተወሰኑትም ኋላ በፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። በዚያ ሰሞን ከብሪታንያ የሚነሳ ሰው ከፓስፖርቱና ከጥቂት አስፈላጊ ነገሮች በቀር ምንም ይዞ እንዳይገባ ተደረገ። ከሳምንታት በኋላ አሜሪካ፣ በኖቬምበር ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት፣ ዛሬ የምናውቀውን ደንብ አወጡ፦ ፈሳሽ ነገር ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ ዕቃዎቹም ሁሉ 1 ሊትር ገደማ በምትይዝ ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ። ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ።

ከእነዚህ ሴራዎች አንዳንዶቹን የጠነሰሱት በሃይማኖታችን ስም የሚነግዱ ሰዎች እንደነበሩ አንሸሽግም። ዋጋውን ከሚከፍሉት ተሳፋሪዎች መካከል ግን የኛ እናቶች አሉበት። ስለዚህ ፍተሻ ይቅር አንልም። አውሮፕላን ውስጥ የምትቀመጠው እህታችን ናት፤ ነፍሷ እንዲጠበቅልን እንፈልጋለን። ፈታሹም ሥራውን ነው የሚሠራው።

የኛ ቅሬታ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ደንብ የተጻፈው አንድ ድንጋጤ በተፈጠረ ማግስት ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተደረበ፤ አገር ከአገር፣ አንዳንዴም አየር ማረፊያ ከአየር ማረፊያ ተለያየ። ከዚያም ይህን ሁሉ ክምር እንዲያውቅ የሚጠበቀው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ሆነ።

ምሳሌ እንስጥ። 100 ሚሊ ሊትር የሚለካው በዕቃው ነው፣ በውስጡ ባለው አይደለም። 200 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የሽቶ ጠርሙስ ታችኛው ላይ ሁለት ጣት ብቻ ቢቀራት እንኳ አታልፍም። ይህን ማን ነገረን? ማርም «ፈሳሽ» ነው። ቅቤም እንደዚያው፣ የጥርስ ሳሙናም እንደዚያው። በቤታችን ቋንቋ ማር ፈሳሽ ተብሎ አያውቅም። ከአገር ቤት ለልጇ ማር በብልቃጥ ይዛ የምትሄድ እናት «ፈሳሽ ይዘሻል?» ብትባል «አልያዝኩም» ትላለች፤ አልዋሸችም። ፈታሹ ግን እንደዋሸች ይቆጥራታል።

በርበሬስ? በርበሬ ደረቅ ነው፣ ምን ያደርገዋል እንላለን። ከጁን 30 ቀን 2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚገቡ በረራዎች ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ነገር በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳረጋል፤ ምንነቱ ካልተለየ አያልፍም። ያ መጠን የአንድ ቆርቆሮ ለስላሳ ያህል ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ዘመዳችን ሽሮውንና በርበሬውን በሚጫነው ሻንጣ ቢያደርግ ይህ ጣጣ አይገጥመውም። በእጁ ከያዘው ግን ሰልፉ ሁሉ እያየው በርበሬው ይፈተሻል።

ስለት ያለውን ነገር እንይ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሚከለከለው ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ትንሿም ቢላ ክልክል ናት፤ መቀስ ግን ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ያልፋል። በ2013 የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ትናንሽ ቢላዎችን ሊፈቅድ መሆኑን በማርች አሳወቀ፤ ተቃውሞ ሲበረታበት በጁን ተወው። የዑምራ ተጓዦቻችን ፀጉር የሚያሳጥሩበትን መቀስና ምላጭ በእጅ ቦርሳ ይዘው ሲገኙ እንግዲህ ምን ይደንቃል? ባለሙያዎቹ ራሳቸው በሦስት ወር ውስጥ ሐሳባቸውን ቀይረዋል።

አሁን ደግሞ አዲስ ግራ መጋባት መጥቷል። ሻንጣ ሳይከፈት በውስጡ ያለውን ከየአቅጣጫው የሚያሳዩ አዳዲስ መፈተሻ ማሽኖች ስላሉ፣ አንዳንድ አየር ማረፊያዎች የ100 ሚሊ ሊትሩን ደንብ አነሱ። በብሪታንያ ቀድመው ያነሱት ትናንሽ አየር ማረፊያዎች በጁን 2024 እንዲመልሱት ታዘዙ። የአውሮፓ ኅብረትም በሴፕቴምበር 2024 ገደቡን መለሰው፤ በ2025 ደግሞ ለተወሰኑ ማሽኖች እንደገና ፈቀደ። በዚያው ዓመት የኤደንብራ አየር ማረፊያ እስከ 2 ሊትር የሚይዝ ዕቃ መፍቀድ ጀመረ። ስለዚህ አንድ ሰው ሲሄድ 2 ሊትር ውሃ ይዞ አልፎ፣ ሲመለስ ያንኑ ጠርሙስ ሊቀማ ይችላል። የእናታችን ጠርሙስ አንዱ ጋ አልፋ ሌላው ጋ የተያዘችው በዚህ ዓይነቱ አሠራር ነው። እርሳቸው ግን ያዩት «እዚያ ተፈቅዶልኝ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። እውነታቸውን ነው።

ወደ ስልካችንና ወደ ፓወር ባንካችን እንምጣ፤ ይህ ወጣቶችን በቀጥታ ይመለከታል። ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን እናስባለን፤ «አደገኛ ከሆነ ለምን ካጠገቤ ይቀመጣል?» እንላለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል ሰው ባለበት ከሆነ ይታያል፣ ይጠፋል። ከታች ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከሆነ ግን ሳይታይ ሊባባስ ይችላል። በሴፕቴምበር 2010 ብዙ የሊቲየም ባትሪ የጫነ የዕቃ ማመላለሻ አውሮፕላን ዱባይ አጠገብ እሳት ተነስቶበት ተከስክሶ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል።

መጠኑም ገደብ አለው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከዚያ በላይ ክልክል። ፓወር ባንካችን ላይ ግን ጎልቶ የሚጻፈው ሚሊ አምፒር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሚሊ አምፒሩን በ3.7 አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ነው፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ነው፣ ፈቃድ ይፈልጋል። በጃንዋሪ 2025 በደቡብ ኮሪያ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ሊነሳ ሲል በእሳት ከተያያዘ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች ጥብቅ ብለዋል። ኮሪያ ፓወር ባንክ ከራስ በላይ ባለው መደርደሪያ እንዳይቀመጥ አዘዘች፤ ኤምሬትስ ደግሞ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ አንድ ብቻ እንዲያዝና በበረራ ላይ እንዳይሠራበት አድርጓል።

ይህ ሁሉ ምክንያት ያለው ነው፤ እንቀበለዋለን። ነገር ግን ምክንያት የጎደለው የሚመስልም አይተናል። በማርች 2017 አሜሪካ ከ8 አገሮች ከሚገኙ 10 አየር ማረፊያዎች በቀጥታ ወደ እርሷ የሚበሩ ተሳፋሪዎች ከስልክ የሚተልቅ መሣሪያ፣ ላፕቶፕም ሆነ ታብሌት፣ በእጅ እንዳይዙ ከለከለች። አየር ማረፊያዎቹ የአማን፣ የካይሮ፣ የኢስታንቡል፣ የጅዳ፣ የሪያድ፣ የኩዌት፣ የካዛብላንካ፣ የዶሃ፣ የዱባይና የአቡዳቢ ነበሩ። ብሪታንያም ተመሳሳይ ክልከላ አወጣች፤ በእርሷ ዝርዝር ግን ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌትና ሞሮኮ የሉም፤ በምትካቸው ሊባኖስና ቱኒዚያ አሉ። ከዱባይ ወደ ኒውዮርክ አደገኛ የሆነው ላፕቶፕ ከዱባይ ወደ ለንደን ሰላማዊ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ባትሪ ከታች አይጫን እየተባለ በሚመከርበት ዘመን ላፕቶፖች ሁሉ ከታች እንዲጫኑ ተደረገ። በጁላይ የአሜሪካው ክልከላ ከሁሉም አየር ማረፊያዎች ላይ ተነሳ።

አገሮቹ በሙሉ ሙስሊም የሚበዛባቸው መሆናቸውን ስንናገር «ሁሉንም ነገር በሃይማኖት ታያላችሁ» የሚሉን አሉ። የደኅንነት መረጃ ነበረን ብለዋል፤ ሊኖራቸው ይችላል። ነገር ግን ሁለት ወዳጅ መንግሥታት በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ አንድ አደጋ ሁለት የተለያየ ዝርዝር ሲያወጡ፣ መንገደኛው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ደንብ እምነት የሚያገኘው ለሁሉም እኩል ሲሆንና ምክንያቱ ሲነገር ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ እስካሁን ያነሳነው የሚያስከትለው መሳቀቅና የዕቃ መጥፋት ነው። ከዚህ የከፋም አለ። ብዙ ሰው የማይለየው ነገር ሦስት የተለያዩ በሮች መኖራቸውን ነው። አንደኛው የደኅንነት ፍተሻ ነው፤ አውሮፕላኑን የሚጎዳ ነገር ይፈልጋል። ሁለተኛው አየር መንገዱ ነው፤ ኪሎና አደገኛ ዕቃ ይቆጣጠራል። ሦስተኛው የምትደርሱበት አገር ጉምሩክ ነው፤ በአገሩ ሕግ የተከለከለ ነገር ይፈልጋል። በመጀመሪያው በር ያለፈ ዕቃ በሦስተኛው እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል።

ጫት በአገራችን በገበያ የሚሸጥ ነው፤ በሳዑዲና በኤምሬትስ ግን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ያስቀጣል። ኮዴይን ወይም ትራማዶል ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች በኤምሬትስ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ የሐኪም ማዘዣና ፈቃድ ይጠይቃሉ። አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ለሥራ ስትሄድ ጎረቤት መጥቶ «ይቺን መድኃኒት ለእህቴ አድርሺልኝ፣ አማና ነው» ይላታል። ይሉኝታ ይይዛታል። ያልከፈተችውን ጥቅል ከልብሷ መሐል ታስገባለች። ስትያዝ «የኔ አይደለም» ማለት አያድናትም፤ ሻንጣው የሷ ነው። አማናን ከፍ አድርገን የምናይ ሰዎች ነን፤ ያንኑ አማና ሰው ማጥመጃ ሲያደርጉት ዝም ማለት የለብንም። የማታውቁትን፣ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ዕቃ አትያዙ። የሚልክም ሰው በተቀባዩ ፊት ከፍቶ ያሳይ፤ ካፈረ አይላክ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የዑምራና የሐጅ አስጓዦች፣ እንዲሁም ሠራተኛ የሚልኩ ኤጀንሲዎች፣ ከተጓዡ ገንዘብ ትቀበላላችሁ። ሆቴሉንና አውቶቡሱን ትነግሩታላችሁ። ሻንጣው ውስጥ ምን እንደማይገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቲኬቱ ላይ በደቃቅ እንግሊዝኛ ተጽፎ ነው የምትሰጡት። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሚገባው ቋንቋ ሁሉ፣ ከሥዕል ጋር አዘጋጁ። ማንበብ ለማይችል በድምፅ ቅዱለት። ዘምዘም ከጅዳ የሚጫነው ለብቻው በወጉ ታሽጎ እንጂ በልብስ ሻንጣ ውስጥ ተሸሽጎ እንዳልሆነ ከመሄዱ በፊት ይወቅ፤ ተመልሶ ሰልፍ ላይ ሲደርስ አይወቅ።

አየር መንገዶችና አየር ማረፊያዎች፣ ደንባችሁ ሲለወጥ መንገደኛው ስልክ ላይ በሚያነበው ቋንቋ መልእክት ላኩ። ፈታሾችም ዕቃ ስትወስዱ ለምን እንደወሰዳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩ። «ይቺ ጠርሙስ ስለተለቀች ነው እናቴ» ማለት ሰልፉን አያዘገየውም።

ከሁሉ በላይ ግን የምንናገረው ለኛ ለወጣቶቹ ነው። ስልክ በእጃችን አለ፣ ማንበብ እንችላለን። እናቱ ነገ የምትበር ልጅ ዛሬ ማታ ግማሽ ሰዓት አጠገቧ ይቀመጥ፤ ሻንጣዋን ራሷ ትክፈት፣ እርሱ ያግዛት። የሚነሳበትን፣ የሚተላለፍበትንና የሚደርስበትን አገር ደንብ ሦስቱንም ይይ፤ ካልተስማሙ ጥብቁን ይከተል። ፈሳሹን፣ ማሩን፣ ዱቄቱን፣ መቀሱን ወደሚጫነው ሻንጣ። ፓወር ባንኩን፣ ገንዘቡን፣ ወረቀቱን ወደ እጅ ቦርሳ። ለጉዞው የሚያስፈልግ መድኃኒትና የሕፃን ምግብ ከ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ውጭ መሆኑን ይንገራት፤ መድኃኒቷን ከነማዘዣው በእጇ ትያዝ፣ ስትጠየቅ ታሳይ። ፍተሻ ላይ በቀልድም ቢሆን ስለ ቦምብ እንዳይወራ ለታናናሾቹ ያስጠንቅቅ።

ይህ ትልቅ ትግል አይደለም። ግማሽ ሰዓት ነው።

እናታችን «ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው የጠየቁን ዕለት መልስ አልነበረንም፤ ተያየንና ዝም አልን። አሁን መልሱ አለን። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ስልኩን በእጃችን ይዘን፣ አንዲት ቃል ሳንነግርዎት ቦሌ ድረስ ሸኝተን የተመለስነው እኛ ነን ያጠፋነው። በሚቀጥለው ጉዞዎ ግን፣ ኢንሻአላህ፣ ሻንጣዎን አብረን ነው የምናዘጋጀው።

ይህን ጽሑፍ በቅርቡ የሚጓዝ ሰው ላላችሁ ሁሉ አድርሱልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።